ከዳዊት እስከ ደቂቃ ንባብ፦ የልጆች የንባብ ደረጃ ታሪክ በጅማና በቡና ከተሞቿ

የንባብ ደረጃ የሚባለው አንድ ጽሑፍ ለአንድ አንባቢ ምን ያህል እንደሚከብድ ወይም እንደሚቀል የሚገለጽበት መለኪያ ነው። መለኪያው ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይመለከታል፤ በአንድ በኩል መጽሐፉን፣ ማለትም የፊደላቱን ብዛት፣ የቃላቱን እንግድነት፣ የዓረፍተ ነገሩን ርዝመትና የሐሳቡን ጥልቀት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ልጁን፣ ማለትም ስንት ፊደል እንደለየ፣ ስንት ቃል በጆሮው እንደሚያውቅና ካነበበው ምን ያህሉን እንደሚረዳ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ የቡ እና ሰቃ ጨቆርሳ የተለየ ስፍራ አላቸው። ከአባ ጅፋር ዘመን እስከ ዛሬ የአካባቢው ልጆች በዓረብኛ፣ በግዕዝ፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በ3 ዓይነት ፊደል እንዲያነቡ ተደርገዋል፤ ፊደሉ ወይም ቋንቋው በተለወጠ ቁጥርም «ይህ መጽሐፍ ለዚህ ልጅ ይመጥናል» የሚባልበት ሚዛን አብሮ ተለውጧል። ከእነዚህ ለውጦች መካከል ጸንቶ የዘለቀው ሚዛን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ልጁ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት በእናቱ ጓዳ የሰማው ቋንቋ ነው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅሬን ላይ ተቀምጠው ጅማን ሲገዙ አገሩ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበር። የቁርአን ትምህርት ቤቶቹ የክፍል ቁጥር አልነበራቸውም፤ ሆኖም የጠራ የደረጃ ሥርዓት ነበራቸው። ሕፃኑ ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም የተጻፈለትን የዓረብኛ ፊደል ከነአናባቢው እየጠራ ይጀምርና የመክፈቻውን ምዕራፍ፣ ፋቲሓን፣ ካጠና በኋላ ወደ ቁርአኑ መጨረሻ ተወስዶ በአጫጭሮቹ ምዕራፎች ላይ ይለማመዳል፤ ከዚያም ወደ ረጃጅሞቹ እየተሻገረ፣ ከኋላ ወደ ፊት እየሄደ፣ ቁርአኑን ያኸትማል። መምህራኑ የንባብ ደረጃ የሚል ስያሜ ባይሰጡትም ምንባብን ከአጭር ወደ ረጅም አሰልፎ የማስተማሩን መርህ ያውቁት ነበር። ያ ልጅ በቤቱ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ሲሆን የሚያነበው ዓረብኛ በመሆኑ፣ ንባቡ የድምፅ ንባብ ነበር፤ ትርጉሙ ለዓመታት ከቆየ በኋላ በተፍሲር ትምህርት የሚደረስበት ሌላ እርከን ነበር።

ከሰሜንና ከሸዋ የመጡ ሹማምንት፣ ወታደሮችና ካህናት በየከተማው ሲሰፍሩ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የፊደል ቤት አብሯቸው ገባ። የዚህ ትምህርት እርከኖች ከማንኛውም የዘመኑ ሥርዓት በላይ በዝርዝር የተከፋፈሉ ነበሩ። ልጁ በመጀመሪያ «ሀሁ»ን ወደ ጎን ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ግን መምህሩ አይረካም፤ ምክንያቱም ዜማውን በቃሉ ሸምድዶ ፊደሉን ሳይለይ የሚያልፍ ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ «አቡጊዳ» ይመጣል። በዚህ ሰሌዳ የፊደሉ ተራና የአናባቢው ተራ ተናግተው አንዱ ግዕዝ፣ ቀጥሎ ያለው ካዕብ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሣልስ እየሆኑ ስለሚሰለፉ በቃል የተያዘው ዜማ አይረዳም፤ ዓይን ራሱ መለየት አለበት። የዘመኑ የንባብ ፈታኞች ፊደላትን አዘበራርቀው በወረቀት ላይ ሲያቀርቡ የሚያደርጉት ይህንኑ ሲሆን፣ አቡጊዳን የፈጠረው መምህር ስሙ ባይታወቅም በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል።

ከአቡጊዳ በኋላ ልጁ ወደ ዮሐንስ መልእክት ይሻገራል፤ እዚህም ምንባቡ አንድ ሆኖ ሳለ የአነባበቡ ዓይነት ይለዋወጣል። ፊደል በፊደል እየተቆጠረ ከሚነበበው ተነሥቶ፣ በግዕዝና በውርድ ንባብ አልፎ፣ ያለመደናቀፍ እስከሚነበበው ቁም ንባብ ድረስ ይወጣል። ይህ አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ዛሬ በየደረጃው የተለያየ መጽሐፍ ሲታደል፣ በፊደል ቤት ግን መጽሐፉ ሳይለወጥ የንባቡ ፍጥነትና ጥራት ነበር ደረጃ የሚሆነው። የሁሉም ማሳረጊያ ዳዊት ነው። «ዳዊት ደግሟል» የሚለው አነጋገር የአንድን ሰው የንባብ ደረጃ በሁለት ቃል ይገልጽ ነበር፤ ወላጅ ድግስ ይደግስበታል፣ መምህሩም ይሸለምበታል። ግዕዙን የሚተረጉመው ግን ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ቤት የገባው ብቻ ነው። ስለዚህ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ፣ በሃይማኖት ቢለያዩም፣ ልጁን የሚለኩት በጨረሰው መጽሐፍ ነበር፤ መጽሐፉ ለልጁ ይመጥን እንደሆነ መጠየቅም ከሁለቱም ሐሳብ ውጭ ነበር፤ መጽሐፉ ቅዱስ ነውና ልጁ ወደ እርሱ ይወጣል እንጂ እርሱ ወደ ልጁ አይወርድም።

መጽሐፍን ወደ ልጅ የማውረድ ሐሳብ በዚህ አካባቢ ታሪክ ውስጥ በመጀመሪያ ጎልቶ የሚታየው በአንዲት ከባርነት ነፃ በወጣች ሴት ሥራ ነው። አስቴር ጋኖ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወድቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ለመሸጥ በጀልባ ስትጓዝ የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን ያዙትና ነፃ ወጣች፤ ከምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገብታ ተማረች። በዚያ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የሥራ ባልደረባ ሆነች፤ እርሱም እንደ እርሷ በልጅነቱ ተሸጦ ነፃ የወጣ ኦሮሞ ነበር። አስቴር በልጅነቷ የሰማቻቸውን 500 የሚሆኑ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች፤ ብዙዎቹም እ.ኤ.አ. በ1894 በምንኩሉ በታተመው «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ስሙ በአማርኛ «የማስተማር መጀመሪያ» እንደማለት ሲሆን የተጻፈበት ፊደልም የግዕዝ ፊደል ነበር።

የዚህን መጽሐፍ ትርጉም በትክክል ለመረዳት ከፊደል ቤቱ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። በፊደል ቤቱ ልጁ እንግዳ ፊደልና እንግዳ ቋንቋ በአንድነት ይሸከም ነበር፤ በአስቴር መጽሐፍ እንግዳ የሚሆነው ፊደሉ ብቻ ነው፤ ቃሉ፣ ዜማውና ተረቱ ቀድሞ የልጁ ሀብት ነበር። እንቆቅልሹን የሚያውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ስንኝ እየተንተባተበ ቢያነብም የሁለተኛውን ፍጻሜ ከዓይኑ ቀድሞ አፉ ይደርስበታል፤ በዚህ መንገድ የተገኘው ድፍረትም ወደማያውቀው ቃል ያሻግረዋል። የንባብ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ቆይተው በጥናት የደረሱበትን ነገር ይህች ከሊሙ በባርነት የተወሰደች ሴት በሥራ አሳይታ ነበር። የሚያሳዝነው መጽሐፉ የተዘጋጀው ከሊሙ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መሆኑ ነው። አስቴርና ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው ሲያስተምሩም መጽሐፉን ወደ ጅማ ሕፃናት እጅ የሚያደርስ ሰፊ መንገድ አልተከፈተም።

የጣሊያን ወረራ ጅማን «ጋላና ሲዳሞ» ብሎ የሰየመው ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የቅኝ ግዛቱ ሕግ በዚህ ግዛት ትምህርት በኦሮሞኛና በከፍኛ እንዲሰጥ፣ በሙስሊሞች አካባቢም ዓረብኛ እንዲያገለግል ደነገገ። ዓላማው ልጆቹን ማሳደግ ሳይሆን አገሪቱን በቋንቋ ከፋፍሎ መግዛት ስለነበር ከ5 ዓመት ወረራ ለንባብ የሚጠቅም ቅርስ አልተረፈም፤ ይልቁንም «በአካባቢ ቋንቋ ማስተማር» የሚለው ሐሳብ ራሱ ለብዙ ዘመን እንዲጠረጠር አንድ ምክንያት ሆነ። ከነፃነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ሲያዝ፣ የአካባቢ ቋንቋ ለጊዜው በቃል መግባቢያነት ብቻ ተፈቀደ።

በእነዚህ ዓመታት የንባብ ደረጃ የክፍል ደረጃ ሆነ። የተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት ያሰራጨው የፊደል ገበታ ገጠር ድረስ ዘልቆ የፊደል ቤቱን ትምህርት ወደ ኪስ አወረደው፤ በከበደ ሚካኤል የተጻፈው «ታሪክና ምሳሌ» ደግሞ በተከታታይ መጻሕፍት ወጥቶ በየትምህርት ቤቱ ይነበብ ነበር። አጭር፣ በግጥም የተሰናኘና ትርጉሙ የሚጨበጥ ታሪክ ማንበብ ለተማሪው አዲስ ነገር ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ለሆነው ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የአጋሮው ልጅ ግን ያንኑ መጽሐፍ የሚያነበው በሁለተኛ ቋንቋ ሲሆን፣ የላይኞቹን ክፍሎች ትምህርት ደግሞ በ3ኛ ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ፣ ይከታተል ነበር። በ1956 ዓ.ም. ገደማ አማርኛ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን የእንግሊዝኛው ሸክም ወደ 7ኛ ክፍል ተገፋ፤ የመጀመሪያው ሸክም ግን ባለበት ቆየ። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የታተመው «2ኛ ክፍል» የሚለው ጽሕፈት ለአዲስ አበባውና ለሊሙው ልጅ አንድ ይምሰል እንጂ የሚያመለክተው ችግር አንድ አልነበረም።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የንባብ ደረጃ በሒሳብ ቀመር መሰላት ጀምሮ ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1921 በጽሑፍ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ 10,000 ቃላትን ዘርዝሮ አሳተመ፤ የቃል ድግግሞሽ የጽሑፍ ቅለት ምልክት ነው የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሣ። ሩዶልፍ ፍሌሽ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ቀመር የዓረፍተ ነገርን አማካይ ርዝመትና በአንድ ቃል ውስጥ ያሉትን ቀለማት ቆጥሮ ለጽሑፉ ነጥብ ይሰጣል፤ «ቀለም» እዚህ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው የድምፅ ክፍል ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ለመምህር የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1946 ኤሜት ቤትስ ያቀረበው ክፍፍል ይመስላል። በቤትስ አባባል ልጁ ከ100 ቃላት 99ኙን በትክክል የሚያነብበት መጽሐፍ ብቻውን ሊያነበው የሚችለው ነው፤ 95ቱን የሚያነብበት በመምህር እርዳታ የሚማርበት ነው፤ ከ90 በታች የሚወርድበት ግን ተስፋ የሚያስቆርጠው ነው። ይህ መለኪያ ከቀመሮቹ የሚሻለው መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን መጽሐፉን በዚያ ልጅ እጅ ውስጥ አድርጎ ስለሚመዝን ነው።

የእንግሊዝኛው ቀመር እንዳለ ወደ አማርኛ ቢመጣ ግን ይሰናከላል። «አላስነበበቻቸውም» የሚለው ቃል በጽሑፍ 10 ፊደላት ያሉት አንድ ቃል ቢሆንም፣ አሉታውን፣ አድራጊዋን፣ ተደራጊዎቹንና የማስደረጉን ሐሳብ በአንድነት ይዟል፤ እንግሊዝኛ ይህንኑ ለመናገር 6 ቃላት ያስፈልጉታል። በአማርኛ አጭር ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ቀላል አይደለም ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የግዕዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ «ገና» የሚለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል በዓሉ ይሁን ወይም ጊዜን የሚያመለክተው ቃል መሆኑን አንባቢው ከዐውዱ መለየት አለበት። አማርኛን በጆሮው ጠግቦ ያደገ ልጅ ይህን ሳያስበው ያደርገዋል፤ አማርኛን ከመጽሐፍ የሚማረው ልጅ ግን በእነዚያ 2 ፊደላት ላይ ቆሞ ይቀራል፤ እዚያ ላይ የቆመበትን ምክንያትም የትኛውም የፊደል ቆጠራ አያሳይም።

የጅማ አካባቢ በዓለም አቀፍ የንባብ ታሪክ ውስጥ የገባው በልጆች ሳይሆን በቡና ገበሬዎች በኩል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1965 ቴህራን ላይ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ11 አገሮች «ከሥራ ጋር የተያያዘ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት» የተባለውን ሙከራ ሲያካሂድ፣ በኢትዮጵያ ከተመረጡት አካባቢዎች አንዱ በዚያን ጊዜ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው የጅማና የአጋሮ ቡና አብቃይ ምድር ነበር። የሙከራው መሠረተ ሐሳብ አዋቂ ሰው ማንበብን በቶሎ የሚማረው በየቀኑ በእጁ የሚነካውን ሥራ ሲያነብ ነው የሚል ነበር፤ ስለዚህ መነሻው የገበሬው ሥራ፣ በዚህ አገር ደግሞ ቡናው፣ ሆነ። ሐሳቡ ከአስቴር ጋኖ መጽሐፍ ጋር ይዘመዳል፤ ሁለቱም ከሚታወቀው ተነሥተው ወደማይታወቀው ይሄዳሉ። ሆኖም የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ስለነበር ነገሩ የታወቀ ሆኖ ቃሉ እንግዳ ሆነ፤ ጫካውን በየዛፉ የሚያውቀው ገበሬም ያንኑ ጫካ በሌላ ስም እንዲያነበው ተጠየቀ።

ደርግ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህን ችግር በከፊል ፈታ። ዘመቻው አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ ወደ 15 ሲደርስ ከፋ ሞቻም ተካቷል፤ በመሆኑም ጅማ ዋና ከተማው በነበረው በከፋ ክፍለ ሀገር ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ተቀመጠ። ሁሉም ቋንቋዎች የተጻፉት ግን በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ለኦሮሞኛ ይህ የራሱ ጣጣ ነበረው። በአፋን ኦሮሞ መጥበቅና መላላት እንደ አማርኛው ትርጉም ይለያል፤ ላልቶ ሲነገር «መጥፎ» የሚል ትርጉም ያለው ቃልና ጠብቆ ሲነገር «ደጋ» ማለት የሆነው ቃል ሁለቱም በግዕዝ ፊደል «በዳ» ተብለው ይጻፋሉ። የአናባቢዎቹ ርዝመትም በአብዛኛው አይታይም። ልጆቹ ደግሞ በመደበኛው ትምህርት ቤት አማርኛውን መማራቸውን ቀጠሉ፤ ማታ አባቱ በኦሮሞኛ ፊደል ሲቆጥር፣ ልጁ ቀን በአማርኛ ያነበበውን ደብተር ይዞ አጠገቡ የሚቀመጥበት ቤት በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም።

ጥቅምት 23 ቀን 1984 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰበው ትልቅ የኦሮሞ ምሁራን ጉባኤ አፋን ኦሮሞ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል እንዲጻፍ ወሰነ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። ቁቤ የጠበቀውን ተነባቢ ደግሞ ስለሚጽፍ፣ ረጅሙንም አናባቢ እጥፍ ስለሚያደርግ «መጥፎ»ና «ደጋ» በመጨረሻ በወረቀት ላይ ተለያዩ፤ የመጀመሪያው 5፣ ሁለተኛው 6 ፊደላት አሏቸው። ለልጁ የቀለለው ነገር ትርጉሙ ነው፤ የበዛበት ደግሞ የፊደሉ ብዛት ነው። ይህን በቅርብ ለማየት ከአካባቢው ምርት በላይ የሚሆን ምሳሌ የለም። በአማርኛ «ቡና» 2 ፊደላት ነው፤ በቁቤ ያው ቃል 4 ፊደላት ይፈጃል። የአማርኛው ልጅ ግን እነዚያን 2 ፊደላት ለማወቅ ከ33ቱ ፊደላት 7 ዓይነት መልክ የሚወጣበትን የ231 ምልክቶች ገበታ ማለፍ ሲኖርበት፣ የቁቤው ልጅ 30 በማይሞሉ መሠረታዊ ፊደላትና በጥቂት ጥምር ፊደላት መንገዱን ይጀምራል። አንዱ መጀመሪያ ይደክማል፣ ሌላው በየቃሉ ርዝመት ይደክማል። የትኛው ይቀላል የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የተካሄደው በስሜት ሲሆን፣ የሁለቱ ድካም ዓይነት የተለያየ መሆኑን የሚያስረዳ ሰው ያን ያህል አልተደመጠም።

መማሪያ መጽሐፍ ቢዘጋጅም ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ በልጅ አቅም የሚነበብ ነገር ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ ኮድ ኢትዮጵያም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት እያሳተመ በየወረዳው የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት ያቋቁም ነበር። በዚያው ዓመት ደራሲና ተመራማሪው ሚካኤል ዳንኤል አምባቸው በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዳረሱት ደረጃ የተሰጣቸው የእንግሊዝኛ ንባብ መጻሕፍት የልጆቹን የማንበብ ችሎታ ምን ያህል እንደነኩ የሚመረምር ነበር። ጥያቄው ራሱ አንድ እርምጃ ነው፤ መጽሐፍ መዳረሱ ሳይሆን መጽሐፉ ልጁን ማግኘቱ የሚጠየቅበት ዘመን መምጣቱን ያሳያል።

ልኬቱ በአገር ደረጃ የተደረገው በ2002 ዓ.ም. ነው። በትምህርት ሚኒስቴርና በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ትብብር የተካሄደው «የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና» በ8 ክልሎች፣ በ338 ትምህርት ቤቶች፣ 13,079 የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎችን በ6 ቋንቋዎች ፈተነ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ፈታኙና ልጁ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ልጁ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ፈታኙ ሰዓት ይይዛል፤ ልጁ በ60 ሰከንድ ውስጥ ፊደላትን፣ ከዚያ ቃላትን፣ ከዚያ አጭር ታሪክ ድምፁን እያሰማ ያነባል፤ ፈታኙ የተሳሳተውን ያሰምርበታል፤ ከመጀመሪያው መስመር አንዱንም ካላወቀ ፈተናው እዚያው ላይ ይቆማል፤ ታሪኩን ያነበበው ደግሞ ስለ ታሪኩ ይጠየቃል። ይህ «የቃል ንባብ ፍጥነት» የሚባለው ልኬት የተመረጠው ልጁ በጣም እየተጎተተ ሲያነብ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ስለሚረሳው ነው።

ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል በአማካይ ከ100ው 34ቱ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ በኦሮሚያ ይህ ቁጥር ከ40 በላይ ሆነ። እነዚህ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው የሚማሩ ነበሩ። ስለዚህ የቋንቋው መብት መከበሩ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን እንደማይበቃ፣ መጽሐፉ በዚያ ቋንቋ ውስጥ ራሱ ከቀላል ወደ ከባድ መደርደር እንዳለበት ግልጽ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ «ሪድ ቲኤ» የተባለው ፕሮግራም ከትምህርት ሚኒስቴርና ከክልል ቢሮዎች ጋር ሆኖ በ7 ቋንቋዎች ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎች አዘጋጀ። የአዘጋጆቹ ዋና መርህ ፊደላትን በተለመደው ተራ ሳይሆን በድግግሞሻቸው መሠረት ማስተማር ነበር፤ በቋንቋው ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት ፊደላት ቀድመው ከተማሩ ልጁ በጥቂት ፊደላት ብዙ ቃላት ያነባል። ለምሳሌ ኤል፣ ኤ እና ጂ የተባሉትን 3 ፊደላት ብቻ የሚያውቅ የአፋን ኦሮሞ ተማሪ «ለገ»፣ ማለትም ወንዝ፣ ብሎ ያነባል፤ «ኤ»ን እጥፍ አድርጎ ሲጽፍ «ጋለ»፣ ማለትም ግመል፣ ይሆንለታል። እያንዳንዱ ምንባብም ቀደም ሲል በተማሩት ፊደላት ብቻ እንዲጻፍ ይደረጋል። የንባብ ደረጃ እዚህ ላይ ከክፍል ወርዶ ወደ ሳምንት፣ ከሳምንትም ወደ ፊደል ደረሰ።

በ2009 ዓ.ም. ግን የ1ኛ ክፍል መጽሐፍ ከ«ኤ ቢ ሲ ዲ» ይልቅ በኤል በሚጀምር ቅደም ተከተል እንደሚያስተምር በስፋት ሲታወቅ በኦሮሚያ ከፍተኛ ቁጣ ተነሣ። ባለሙያዎቹ ትክክለኛ ነገር ይዘው ነበር፤ ቅደም ተከተሉ የፊደሉን ማንነት አይነካም፣ ልጁንም ያፈጥነዋል። ሕዝቡም ግን በከንቱ አልተቆጣም፤ ቁቤ በብዙ መሥዋዕትነት የተገኘ፣ «የቁቤ ትውልድ» የሚል ስም እስከማውጣት የደረሰ የማንነት ምልክት በመሆኑ፣ ወላጅ የማያውቀውን ተራ ልጁ ቤት ይዞ ሲመጣ ምልክቱ የተነካ መሰለው። ጥፋቱ የነበረው ፊደሉን በመደርደሩ ላይ ሳይሆን ለወላጅ ቀድሞ ባለመነገሩ ላይ ነው። የፊደል ቤቱ መምህር ሀሁን በቅድሚያ አስቆጥሮ ቀጥሎ በአቡጊዳ ሲያዘበራርቀው ሁለቱንም ስለሚጠብቅ ማንም አልተቆጣበትም ነበር፤ አንዱን ለክብሩና ለዜማው፣ ሌላውን ለዓይን ልምምድ አስቀምጧቸዋልና።

በጅማ ዙሪያ ደረጃ ማውጣት ለማንም እንግዳ አይደለም። ያልታጠበው ቡና «ጅማ 5» እየተባለ በዓለም ገበያ የታወቀው ከናሙናው ውስጥ የተጎዱትን ፍሬዎች በመቁጠር፣ ጠረኑን በማሽተትና ጣዕሙን በመቅመስ ደረጃ ስለሚወጣለት ነው፤ ነጋዴውም ቆጠራው ያለ ቅምሻ፣ ቅምሻውም ያለ ቆጠራ እንደማይበቃ ያውቃል። የንባብ ምዘናው ግን ለረጅም ጊዜ በቆጠራው ላይ አዘንብሏል። በአጭር የአማርኛ ፊደልና በረጅም የቁቤ ፊደል የተጻፉ ቃላት እኩል እንዳልሆኑ እየታወቀ፣ በደቂቃ 60 ቃላት የሚለው ግብ የሁሉም ቋንቋ የጋራ ሚዛን ተደርጎ ሲጠቀስ መስማት የተለመደ ነበር። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ መስፈርት እንደሚያስፈልገው በኋላ ተቀባይነት ማግኘቱ ለጅማ በተለይ የሚጠቅም ነው፤ በከተማዋ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚማሩ ልጆች በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይኖራሉና፤ የሁለቱን ውጤት በአንድ ቁጥር ማወዳደር አንዱን ያለ በደሉ ሰነፍ ያሰኛል።

በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል መጻሕፍቱ እንደገና ተጻፉ፤ የመምህሩ መምሪያ አሁንም በሳምንት በሳምንት የተከፋፈለ ነው፤ በመስከረም የተጀመረው የፊደል ተራ በኅዳርና በታኅሣሥ እኩሌታው ላይ ይደርሳል። በአጋሮ፣ በየቡ እና በሊሙ ኮሳ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ወራት ናቸው። ቀዩ ፍሬ ሲደርስ አይቆይም፣ የቤተሰቡ የዓመት ገቢም በእርሱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንንሾቹ እጆች ሳይቀሩ ወደ ጫካው ይወርዳሉ። ልጁ ከ4 ወይም ከ5 ሳምንት በኋላ ሲመለስ መጽሐፉ በእነዚያ ሳምንታት የተማሩትን ፊደላት እንደሚያውቅ ቆጥሮ የተጻፈ ምንባብ ይዞ ይጠብቀዋል፤ በአንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡት 3 ልጆች አንዱ ያነበዋል፣ አንዱ ከጓደኛው አፍ እየነጠቀ ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ጣቱን ከማያውቀው ፊደል በታች አድርጎ ይጠብቃል። ከዚያ ወንበር አጠገብ የሚቆመው መምህር የሚያስፈልገው ከ2ኛ ክፍል መጽሐፉ ጎን ስለ ቡና፣ ስለ ወንዝና ስለ ገበያ በልጆቹ ቋንቋ የተጻፉ፣ ከእጅ ከፍ የማይሉ፣ ግማሹን ፊደል ብቻ የሚያውቅ ልጅ ሊጨርሳቸው የሚችሉ 10 ወይም 20 ትንንሽ መጻሕፍት ናቸው።